«ቅጠል ነው፤ ምን ያደርጋል?»

(ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሰበሰቡ የማኅበረሰባችን አባላት የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ የተገለበጠ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ? ... አዎ፣ እንዲህ ነው እንጂ።

ቡናው እስኪደርስ ነው ጊዜ የሰጡኝ። እዚያ ጥግ መቁላት ተጀምሯል። ጭሱ ወደዚህ ከዞረ በኋላ ማንም እንደማይሰማኝ ስለማውቅ ቶሎ ቶሎ እላለሁ።

እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከኋላ ስልክ የያዛችሁ ወጣቶችም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ አገር ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ጥሎ መምጣት ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። ኡበሩን አጥፍቶ የመጣ ሰው በመካከላችን አለ። ማታ የምትገባ ነርስም አለች።

አዘጋጆቹ «ስለ ምግብ፣ ስለ ቪታሚን፣ ስለ ቅጠላ ቅጠልና ስለ አንጎል ንገሪን» አሉኝ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የአንጎል ሐኪም አይደለሁም። የማወራው ከመደርደሪያ ኋላ ቆሜ ከማየው ነው። ሳምንቱን ሙሉ በቴክስት «ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ» ስንላችሁ ነበር። ክኒኑን፣ ጠርሙሱን፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውን ዱቄት ሁሉ። ፌስታሎቹን እያየኋቸው ነው። ለአሁኑ ከወንበራችሁ ሥር ይሁኑ።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ አንጎላችን ከምግብ የሚጎድለው። ሁለተኛ፣ እኛ በገዛ እጃችን የምንጨምርለት። ሦስተኛ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው።

በአንደኛው ልጀምር። በአክስቴ ማለቴ ነው።

አክስቴ ያኔ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሰባቱን አጽዋማት ጾማ የፈቃዱን ጽጌን የምትጨምር ሰው ናት። ስኳር አለባት፤ ለዓመታት ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ጨጓራዋንም ስለሚያቃጥላት ኦሜፕራዞል ትወስዳለች። አንድ ቀን ድስት ጥዳ ረሳች። ምንም አላልንም፤ ማን የማይረሳ አለ? ከዚያ ሽንኩርቱ አርሮ የጭስ ማንቂያው ጮኸ። ከዚያ ወንድሜን በሞተው አባታችን ስም ጠራችው። ከዚያ ደግሞ «እግሬን ጉንዳን ወረረኝ» ማለት ጀመረች። «ምን ጉንዳን አለ እትዬ?» እንላታለን። ካልሲዋን አውልቃ ታሳየናለች። ምንም የለም። መልሳ ታጠልቀዋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ታወልቀዋለች።

እኛ ምን እንዳልን ታውቃላችሁ? «ጃጀች» አልን። ወጥ ቤት ቆመን፣ በሹክሹክታ። እኔም ብያለሁ። እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ሜትፎርሚን እየቆጠርኩ ለሰው የምሰጠው! ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደምትውጥ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የቤት ሰው ናታ!

የጠየቀቻት አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። «ምን ይበላሉ?» አለቻት። ይኸው ነው። አክስቴ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ቆጠረችላት። ጾሙን ነገረቻት። ሐኪሟ የደም ምርመራ አዘዘች። ቢ12 የሚባለው ቪታሚን እጅግ ወርዶ ተገኘ።

ቢ12 ምን ይሠራል? የኤሌክትሪክ ገመድ ታውቃላችሁ። መዳቡ በላስቲክ ተሸፍኗል። የነርቭ ገመዶቻችንም እንደዚያው ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ጤናማ ሆኖ እንዲቆይ ቢ12 የግድ ነው። ሽፋኑ ሲላጥ ምልክቱ ይፈሳል፣ ይጠላለፋል። ጉንዳኑ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሌላም ሥራ አለው። አንጎል ስሜታችንን የሚያስተካክልባቸውን ሴሮቶኒንና ዶፓሚን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎች በሚሠራበት መንገድ ላይ ቢ12 እጁን ያስገባል። ስለዚህ ሲጎድል ሰው ይረሳል፣ ይከፋዋል፣ ይነጫነጫል። እኛ «ጠባዩ ተለወጠ» እንላለን።

ታዲያ ከየት ይገኛል? ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከዓሣ። ሽሮ ውስጥ የለም። ምስር ውስጥ የለም። «እንጀራው ቦክቷልኮ» የሚሉኝ አሉ፤ እርሾውም አይሰጥም።

ቆይ፣ ቆይ፣ እናቶች አትቆጡኝ። ጾሙን ተዉ እያልኩ አይደለም! እኔም እጾማለሁ። ጉበታችን ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያስቀምጣል። ማከማቻው ሙሉ የሆነን ሰው አንድ ሁዳዴ አይጎዳውም። ግን አስሉት። የዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 ከአንጀት በደንብ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ኦሜፕራዞል የጨጓራውን አሲድ ይቀንሳል፤ ያለ አሲድ ደግሞ ቢ12 ከምግቡ አይላቀቅም። ዕድሜ ሲገፋ አሲዱ በራሱም ጊዜ ይቀንሳል። አክስቴ አራቱም ነበሩባት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ድሮ ቢ12 ሲጎድል በሚመጣው የደም ማነስ የተያዘ ሰው ይሞት ነበር። ነርቩም ይታመም ነበር። በፈረንጆቹ 1926 ቦስተን ውስጥ ማይኖትና መርፊ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ለሕመምተኞቻቸው በየቀኑ ብዙ ጉበት አበሉና ሰዎቹ ዳኑ። በ1934 ከዊፕል ጋር ሆነው የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በጉበቱ ውስጥ ያለው ነገር ቢ12 መሆኑ የታወቀው በ1948 ነው። እኔ ይሄን ትምህርት ቤት ስማር ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ዱለት! በየፍስኩ ማግሥት ቢ12 በቅቤና በሚጥሚጣ ስንበላ ኖረናል።

የሚጾም ሰው ምን ያድርግ? ሰፕልመንቱ አለ። ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቢ12 ከሥጋ አይወጣም። ፋብሪካ ውስጥ ባክቴሪያ ነው የሚሠራው። ጾም አያስገድፍም። ከረጢቱን ግን እዩ። አንዳንዱ ካፕሱል ከእንስሳ ከሚወጣ ጄላቲን ይሠራል። ከምላስ ሥር የሚሟሟውን ጠይቁ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ።

አክስቴስ አትሉኝም? መርፌውን ጀመረች። ከጥቂት ወራት በኋላ ስሞቻችንን መልሳ ለየች። ማን ሠርጓ ላይ እንዳልመጣ ሳይቀር አስታወሰች፤ እሱን ባትመልሰው ይሻል ነበር። ጉንዳኑ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። እስከ ዛሬ የእግሯ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ነርቭ ብዙ ጊዜ ከቆየ በኋላ እንደ ድሮው አይመለስም። ያ የዘገየው ጊዜ የእኔ ነው።

እሺ። እዚያው አንደኛው ላይ፣ ስለ ብረት።

ስንቶቻችሁ ናችሁ በረዶ የምትቆረጥሙ? ከሶዳው ሥር ያለውን በረዶ? እጃችሁን አውጡ፣ አትፈሩ። ... በተለይ ሴቶች ... አየሁ። በረዶ የመቆርጠም አምሮት አንዳንዴ የብረት ማነስ ምልክት ነው። አገር ቤት ነፍሰ ጡሮች አፈር ሲያምራቸው የምናየውም ዘመዱ ነው።

ብረትን ከደም ጋር ብቻ ነው የምናያይዘው። አንጎልም ይፈልገዋል። ዶፓሚን የሚሠራው ታይሮሲን ከሚባል የፕሮቲን ፍንካች ነው። ሴሮቶኒን ደግሞ ትሪፕቶፋን ከሚባለው። ሁለቱንም የሚያስጀምሩት ኢንዛይሞች ያለ ብረት አይሠሩም። ዱቄቱ አለ፣ ውኃው አለ፣ ምጣዱ ግን አልጋለም እንደማለት ነው። ማታ አልጋ ላይ እግሩ አላስቀምጥ የሚለው፣ ካላወዛወዘው የማይተኛ ሰው አለ። ከመንስኤዎቹ አንዱ አንጎል ውስጥ ያለው ብረት ማነሱና ዶፓሚኑ መዛባቱ ነው።

«እኛ ጤፍ በላተኞች ነን፤ ጤፍ ብረት ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አለው። ግን ከሚወራለት ብረት ብዙው ከአፈር የሚመጣ ነው። ጤፉ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈሩ አብሮት ይገባል። እዚህ የምንገዛው የአይዳሆ ጤፍ አውድማ የሚባል አያውቅም፤ በማሽን ታጭዶ በማሽን ይወቃል። ደግሞ እህል ውስጥ ብረቱን አንቆ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። እሱን የሚያላቅቀው መቡካቱ ነው። እናቶቻችን ሦስት ቀን ያቦኩት ነበር። እኛ ቸኩለን ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ደባልቀን በማግሥቱ እንጋግራለን። ላዩ ላይ ደግሞ ከምሳው ጋር ሻይ! ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይይዙታል። አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ሎሚ ወይም ቃሪያ ከምግቡ ጋር ብትበሉ ደግሞ ያግዛል።

ግን እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ሳትመረመሩ የብረት ክኒን አትጀምሩ። ጠርሙሱንም ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ። ከረሜላ ይመስላል፤ ሕፃን ይገድላል።

ከፀሐይ ስለምናገኘው ስለ ቪታሚን ዲ ብዙ አልልም። ቆዳችን ጥቁር ነው፣ የሜሪላንድ ክረምት ረጅም ነው፣ ሥራችን ጣሪያ ሥር ነው። ምርመራው ቀላል ነው። አስመርምሩ። አለቀ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

አንጎል ዘበኛ አለው። ከደም ወደ አንጎል የሚገባውን ሁሉ የሚፈትሽ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ነው። የአንጎል ክብደት ከሰውነታችን 2 በመቶ ያህል ነው፤ ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ይሄን የሚያህል ባለጠጋ ያለ ዘበኛ አይኖርም። «ሙዝ ሴሮቶኒን አለው፤ ብላ፣ ደስ ይልሃል» ሲባል ሰምታችኋል? ሙዝ ውስጥ ሴሮቶኒን አለ። ዘበኛው ግን አያስገባውም። ትሪፕቶፋንን ያስገባል፣ ሴሮቶኒኑን አንጎል ውስጥ ራሱ ይሠራዋል። ሙዝ ብሉ፣ ጥሩ ነው። ደስታውን ከሌላ ፈልጉ።

ዘበኛው የማያስቆማቸውም አሉ። አንዱ አሁን እዚያ ጥግ ይቆላል።

ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ሥራው «ደክሞሃል፣ ተኛ» ማለት ነው። ይሄን የሚናገረው የተዘጋጀለት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው። ካፌይን መልኩ አዴኖሲንን ይመስላል። ይመጣና ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። ቁጭ ይላል እንጂ አንድ ቃል አይናገርም። አዴኖሲኑ ቆሞ ይቀራል። ቡና ስትጠጡ ድካማችሁ አልሄደም፤ በር ላይ ቆሞ ተራ እየጠበቀ ነው።

በየቀኑ ከጠጣን አንጎል ብልህ ነው፣ ወንበር ይጨምራል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር ያ ሁሉ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ አዴኖሲን ግር ብሎ ይገባል። «ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል» የምንለው ይሄን ነው። ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ ክብር አለኝ። ሰዓቱን ግን ቁጠሩት። ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በረካውን የጠጣ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግማሹ ገና አለበት። በሀበሻ ሰዓት ነው የምቆጥረው፤ ልጆች እንዳትደናገሩ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ በጣም ይረዝማል። ከዚያ ሰው ወደ እኔ ይመጣና «የእንቅልፍ ቪታሚን ስጪኝ» ይለኛል። «ቡና በስንት ሰዓት ይጠጣሉ?» እለዋለሁ። ይቀየመኛል።

ስለ ጫት ልናገር ወይስ ልለፈው? ... ተናገሪ የሚለው ድምፅ ይበልጣል። ለጋው የሚፈለገው፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሮጥበት ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። ካቲኖን የሚባለው ጉልበተኛ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማ ይለወጣል። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ገብቶ የተቀመጠውን ዶፓሚን ገፍቶ ያስወጣዋል። ምርቃናው የራሳችሁ ዶፓሚን ነው፤ የነገውን ዛሬ ነው ያወጣችሁት። በማግሥቱ የሚደብረው ጎተራው ስለተራቆተ ነው። ያን ለማብረድ ጨብሲ፣ ጨብሲውን ለመንቃት ቡና። አንጎል ምን አደረጋችሁ?

«ይሄ ሱስ ነው፤ የምንበላው እህል ግን ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ ጓያን ያስታውስ። አያቴ የጓያ ሽሮ ቤቷ አታስገባም ነበር። ጓያ ድርቅ አይበግረውም። በችግር ዘመን ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይቆማል። ሰውም ለወራት እሱን ብቻ ይበላል። ውስጡ ያለው መርዝ ግሉታሜት የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ መስሎ ይገባና እግር የሚያዝዙትን ነርቮች እስኪሞቱ ድረስ ያነሣሣቸዋል። ያ ሰው ዕድሜውን በምርኩዝ ይሄዳል። አያቴ ግሉታሜት አታውቅም፤ የጎረቤቶቿን እግር ግን አይታለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የክረምት ማታ ነው፣ ልንዘጋ ስንል አንድ ሰው ገባ። ሹፌር ነው፤ ከሃምሳ ያለፈ፣ ጨዋ ሰው። «ጉንፋን ይዞኛል፤ የሳል ሽሮፕ ስጪኝ» አለኝ። ውጭው በረዶ ነው፤ እሱ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። የመኪና ቁልፉን በእጁ እንደያዘ እጁን መደርደሪያው ላይ አሳረፈ። ቁልፉ ይንኳኳል። ቂል ቂል ቂል ይላል። እሱ አያስተውለውም። እኔ ቁልፉን ነው የማየው።

«ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አልኩት።

ዝም አለ። ዙሪያውን አየ። ማንም የለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰርትራሊን» አለኝ። የድባቴ መድኃኒት ነው። ከሌላ ፋርማሲ ነው የሚያወጣው፣ ሰው እንዳያየው።

«ሌላስ?»

«የለም።»

«ቪታሚን? ሻይ? ዱቄት? ከሱቅ የገዙት?»

«እሱማ ቅጠል ነው፤ ምን ያደርጋል?»

ከኪሱ አወጣልኝ። ሴንት ጆንስ ወርት። ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የጀመረው። ሰርትራሊኑን ቀስ በቀስ ለመተው አስቦ ነው።

የሳል ሽሮፑን አልሰጠሁትም። አስቀምጬው፣ አምቡላንስ ጠራሁ። ያልሰጠሁበትን ምክንያት አስረዳለሁ።

ሴሮቶኒን ከአንዱ ነርቭ ወጥቶ ለሌላው መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሰርትራሊን ሰብሳቢውን ይይዘዋል። ሴሮቶኒኑ ትንሽ እንዲቆይ፣ የከፋው ሰው ትንሽ እንዲሻለው። ሴንት ጆንስ ወርትም በራሱ መንገድ ያንኑ መሰብሰብ ያግዳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሴሮቶኒኑ ይትረፈረፋል። ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይቃዣል፤ ሲብስ ይገድላል። ብዙ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ያለው ዴክስትሮሜቶርፋንም ሴሮቶኒንን ይጨምራል። የጠየቀኝን ብሰጠው ሦስተኛውን ልጨምርለት ነበር። ያውም በፈገግታ፣ «ይማርዎት» ብዬ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰውየው ደኅና ነው። ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝቶ ወጣ።

ይሄ ቅጠል ምንድን ነው? ቢጫ አበባ ያለው የአውሮፓ ተክል ነው። ስሙን ያገኘው በእነሱ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ጁን 24 አካባቢ ስለሚያብብ ነው። የእኛ ቅዱስ ዮሐንስ በአደይ ይመጣል፣ የእነሱም በቢጫ አበባ ይመጣል። አገራችን ደጋ ላይ የሚበቅለው አምጃ ዘመዱ ነው። ዘመዱ ነው አልኩ እንጂ እሱው ነው አላልኩም፤ ነገ አምጃ ቀቅላችሁ እንዳትጠጡ!

ደግሞ ልብ በሉ፤ ቅጠሉ ውሸት አይደለም። በ2008 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ 29 ጥናቶችን፣ ከ5,000 በላይ ሰዎችን አይቶ፣ ለድባቴ ከባዶ ክኒን እንደሚሻል አግኝቷል። ይሠራል! እኔን የሚያስፈራኝም መሥራቱ ነው። የማይሠራ ነገር ብትውጡ ገንዘባችሁ ነው የሚጠፋው። የሚሠራ ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው እናንተ ለፈለጋችሁት ብቻ አይደለም።

ይሄ ቅጠል ጉበት ውስጥም ሌላ ሥራ አለው። ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ስሙ የታርጋ ቁጥር ይመስላል። እጅግ ብዙ መድኃኒት ፈጭቶ የሚያስወጣው እሱ ነው። ቅጠሉ ይሄን ወፍጮ ያበዛዋል። በ2000 ዙሪክ ውስጥ ልብ የተተከለላቸው ሁለት ሰዎች ይሄን ቅጠል ጀመሩ። የተተከለው ልብ እንዳይገፋ የሚወስዱት መድኃኒት ደማቸው ውስጥ ወረደ፤ ሰውነታቸው ልቡን መግፋት ጀመረ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ቅጠሉ የኤችአይቪ መድኃኒት እንደሚያዳክም አስጠነቀቀ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ያዳክማል። የደም ማቅጠኛ ያዳክማል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእነዚህ አንዱን የሚወስድ ሰው የለም? አለ። እጅ አውጡ አልልም።

እጅ አውጡ የማልልበት ምክንያት ደግሞ ዋናው ነገሬ ነው። ያ ሹፌር ሰርትራሊን እንደሚወስድ ሚስቱ አታውቅም። ክኒኑን መኪናው ውስጥ፣ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር ነው የሚደብቀው። «የአእምሮ መድኃኒት ይወስዳል» ከሚባል ሞቱን ይመርጣል። ቅጠሉን ግን ወጥ ቤት፣ ከስኳሩ ጎን አስቀምጦታል። ቅጠል አያሳፍርማ! ቅጠል የአያቶቻችን ነው። ዳማከሴ ነው፣ ጤና አዳም ነው። እንግዲህ ክኒኑን የሚያውቅ ቅጠሉን አያውቅም፣ ቅጠሉን የሚያውቅ ክኒኑን አያውቅም። አንጎሉ ብቻ ሁለቱንም ያውቃል።

ስለ ዳማከሴ ስናነሣ፣ እኔ የአገር ቤት መድኃኒት ጠላት አይደለሁም። ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ ዳማከሴ እጇ ላይ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ታደርግልኝ ነበር። ያ ሽታ ዛሬም ያሽረኛል፤ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ቡናው ላይ ጣል የምትደረገዋ የጤና አዳም ዘለላም ትኑር። በጆግ ተቀቅሎ ሲጠጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማሕፀን ያነሣሣል፣ ነፍሰ ጡር አትጠጣው።

ቡናው ደርሷል፤ ሽታው መጣ። ሦስተኛውን ባጭሩ።

ጠርሙሱ ላይ «ለማስታወስ»፣ «ለአንጎል ጤና» ይላል። ከሥር በደቃቅ ፊደል ደግሞ ኤፍዲኤ ይሄን አባባል አልገመገመውም ይላል። ያቺን ደቃቅ ፊደል ማን ያነባል? ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ እዚህ አገር ሰፕልመንት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ይሠራል ተብሎ አይጸድቅም። «አሜሪካ ነው፤ ተቆጣጥረውታል» ብላችሁ አትተኙ። ለማስታወስ ተብሎ የሚሸጠውን ጊንኮ የሚባል ቅጠል የምትገዙ አላችሁ። ከ3,000 በላይ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለስድስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ በ2008 ወጣ። ጊንኮ የመርሳት በሽታን አልከላከለም። አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ መድማት ሊጨምር ይችላል።

ለልጆች እንዲተኙ የሚሰጠው የሜላቶኒን ከረሜላስ? ሜላቶኒን ሆርሞን ነው። በ2017 ካናዳ ውስጥ 31 ምርቶች ተመረመሩ። አንዱ ከተጻፈው ከ80 በመቶ በላይ ጎሎት ተገኘ፣ ሌላው ከተጻፈው አምስት እጥፍ በላይ። ከአራቱ አንዱ ውስጥ ጭራሽ ያልተጻፈ ሴሮቶኒን ነበረበት። ከገዛችሁም ጠርሙሱ ላይ ዩኤስፒ የሚል ማኅተም ፈልጉ፤ ቢያንስ የተጻፈው ውስጡ መኖሩን ሌላ ሰው አይቶታል ማለት ነው። «ቪታሚን ሲበዛ በሽንት ይወጣል» የሚባለውንም ተዉት። ቢ6 ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ጉንዳኑን ልታባርሩ ጉንዳን ትገዛላችሁ።

አሁን ፌስታሎቹን አውጡ። እኔና ሁለት ወጣት ነርሶች እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። በመጋረጃው በኩል ነው፤ አንድ በአንድ ትገባላችሁ፣ ማንም አያይም፣ ማንም አይሰማም። ክኒኑንም ቅጠሉንም አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉልን። ስኒ ይዞ መግባት ይቻላል።

መጀመሪያ እናቶች። እርስዎ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱት ... አዎ፣ እርስዎ። ያችን በመሐረብ የቋጠሯትንም ይዘው ይምጡ።

አመሰግናለሁ።